30,000 ብር እና አንድ የጣት አሻራ፦ የእትዬ የካሳ ጉዳይ

ኅዳር 2010 ዓ.ም. ነው፣ ሳሪስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ጎረቤታችን እንጀራ ሊያደርሱ ወጡ። ስማቸውን አልጽፍም። ሰፈር ውስጥ ትልቁም ትንሹም «እትዬ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ያኔ 52 ዓመታቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ለሦስት ምግብ ቤቶችና ለጥቂት ቤተሰቦች እንጀራ እየጋገሩ አንዲት ልጃቸውን ኮሌጅ ያስገቡ ሴት ናቸው።

የእግረኛው መንገድ ለቱቦ ተቆፍሮ አፈሩ ተከምሯል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በአስፋልቱ ጠርዝ ነበር የሚሄደው። እትዬም 30 እንጀራ በላስቲክ ጠቅልለው ተሸክመው በዚያው ሲሄዱ አንድ ነጭ ፒካፕ ከኋላቸው መጥቶ ገጫቸው። አልቆመም። እዚያው ጥግ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ስትጮህ ነው ሰው የተሰበሰበው። እኔ ስደርስ እንጀራው አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፣ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ሊታይ በማይገባው አቅጣጫ ዞሯል፣ እሳቸው ግን «እንጀራውን አንሱልኝ፣ የሰው ነው» ይላሉ።

ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምጽፈው እኔ የሕግ ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም። ከልጃቸው ጋር ቢሮ ለቢሮ የዞርኩ ጎረቤት ነኝ። ግን በዚያ ዙረት ውስጥ ያየሁት ነገር ያንገበግበኛል። ሕጉ ለእትዬ ብዙ መብት ሰጥቷቸው ነበር። አንዱንም ግን ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም፣ አንዷ ፊርማ ደግሞ ሁሉንም ልታጠፋው ነበር።

ባጃጅ ጭነናቸው አቅራቢያ ወዳለ የግል ሆስፒታል ወሰድናቸው። ገንዘብ ተቀባዩ ጋ የመጀመሪያው ቃል «10,000 ብር አስይዙ» ነው። ልጃቸው አልቅሳ ልታብድ ነው፣ እኛ ኪሳችንን እናራግፋለን። ያኔ አላወቅንም እንጂ፣ የተሽከርካሪ አደጋ የ3ኛ ወገን መድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ሁሉ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ይላል። በወቅቱ እስከ 2,000 ብር ድረስ ነበር፣ ወጪውንም የሚሸፍነው የገጨው መኪና መድን ሰጪ ወይም መድን ፈንዱ ነው (ስለ ፈንዱ ወደ ታች እመለስበታለሁ)። የጤና ተቋሙ ተጎጂውን ቅድሚያ ክፈል ብሎ በር ላይ የማቆም መብት የለውም። 2,000 ብር ለተሰበረ እግር ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ግን ደም የምታቆመው ያቺ የመጀመሪያዋ ሰዓት ናት። እኛ ግን አርባ ደቂቃ ኮሪደር ላይ ቆመናል። የእድሩ ሰብሳቢ መጥተው ከኪሳቸው ካስያዙ በኋላ ነው እትዬ ወደ ውስጥ የገቡት።

በነጋታው ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄድን። አደጋው የደረሰበትን ቦታ ፕላን አንስተዋል። ይቺን ፕላን ትኩረት ስጧት። ሰው የወደቀበት ቦታ፣ የመንገዱ ስፋት፣ የፍሬን ምልክት መኖር አለመኖሩ፣ የእግረኛው መንገድ መቆፈሩ፣ ሁሉም እዚያ ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲቆሙ አፈሩ ተነስቷል፣ መንገዱ ተስተካክሏል፣ ምስክሩ ሰፈር ለቋል። ፕላኗ ግን አለች። እትዬን ካዳኗቸው ነገሮች አንዷ «የእግረኛ መንገዱ በቁፋሮ ምክንያት ለመሄድ አያመችም» የምትለው መስመር ነበረች። እሷም የተጻፈችው ልጅቷ አጥብቃ ስለጠየቀች ነው።

ልጅቷ ሌላም ነገር አድርጋለች። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ተመልሳ ሄዳ ከአፈሩ ክምር ሥር የመኪና የፊት መብራት ስባሪ አግኝታ በጋዜጣ ጠቅልላ ለፖሊስ ሰጠች። ቡና የምታፈላው ልጅ የሰሌዳውን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮችና ኮድ 3 መሆኑን አስታውሳለች። ከዚያ ራቅ ብሎ ያለ ዳቦ ቤት ደግሞ ካሜራ አለው። ፒካፑ ሲያልፍ ይታያል፣ ሹፌሩ ግን አይታይም። ይህ በኋላ ትልቅ ነገር ይሆናል።

መኪናው እስኪገኝ ሁለት ወር ፈጀ። በዚያ መሃል «ገጪው ካልታወቀ ማንን ነው የምንጠይቀው?» ብለን እጃችንን አጣጥፈን ነበር። አንድ በትርፍ ጊዜው ሕግ የሚማር የሰፈር ልጅ ነው «መድን ፈንድ ሂዱ» ያለን። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ዓይነት ነገር መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር። መንግሥት ያቋቋመው ፈንድ ነው። ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና ለጎዳው ሰው፣ እንዲሁም መድን ሳይገባ የሚነዳ መኪና ለጎዳው ሰው ካሳውን የሚከፍለው እሱ ነው። ባለቤቱ በኋላ ከተገኘ ፈንዱ የከፈለውን ከባለቤቱ ያስመልሳል። ገንዘቡ የሚመጣው መድን ድርጅቶች ከሚሰበስቡት የ3ኛ ወገን አረቦን ነው፤ ማለትም እዚያ የመኪና መስታወት ላይ የምናያት ተለጣፊ ስትገዛ ከሚከፈለው ገንዘብ። ዛሬ ይህን ሥራ የያዘው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው።

የጠየቁን ነገር ብዙ አልነበረም። ገጪው መኪና እንዳልታወቀ የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ደረሰኞች፣ መታወቂያ። የጉዳቱ መጠን በመቶኛ በሕክምና ቦርድ ተወስኖ መምጣት አለበት፣ ያ ደግሞ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ሰው የሞተ ቢሆን የወራሽነት ማስረጃና የሞት ምስክር ወረቀት ይጨመራል። ፋይል ከፈትን። ጥር ላይ ግን ፖሊስ መኪናውን አገኘው። አንድ ጋራዥ ውስጥ የፊት መብራቱ ተቀይሮለት ቆሟል። ስባሪው ገጠመ። ባለቤቱ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፣ መኪናው የ3ኛ ወገን መድን አለው። ስለዚህ ጉዳዩ ከፈንዱ ወጥቶ ወደ መድን ድርጅቱ ዞረ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዚያ በሳምንቱ ነው።

ይህን ክፍል ዘለግ አድርጌ ብጽፈው ታገሱኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው መብቱን የሚያጣው ፍርድ ቤት ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። አራት ነበሩ። የተከበሩ ሰዎች፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አንደኛው እድራችን ውስጥ ዘመድ ያለው። እትዬ ሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እግራቸው ውስጥ ብረት ገብቶ፣ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ነው ያሉት። ሽማግሌዎቹ ብርቱካን ይዘው ገቡ፣ «እግዜር ይማርሽ» አሉ፣ ተቀመጡ። ንግግራቸው ለስላሳ ነው። «ማንም ፈልጎ አያደርገውም። ሹፌሩም የድሃ ልጅ ነው፣ ቢታሰር እናቱ ሜዳ ላይ ትቀራለች። ባለንብረቱም የበኩሉን ልርዳ ብሏል።» ከዚያ በፖስታ 30,000 ብር ወጣ።

ለእትዬ በዚያን ሰዓት 30,000 ብር ብዙ ነው። ሁለት ወር አልጋገሩም። የቤት ኪራይ አለ፣ እድሩም ያበደረው አለ። እኔ ራሴ በልቤ «ይውሰዱት» ብያለሁ፣ አልዋሽም። ወረቀቱ ቀድሞ ተጽፎ መጥቷል፣ ግማሽ ገጽ ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር «በዚህ አደጋ ምክንያት ከዚህ በኋላ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር በማንም ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ትላለች። እትዬ ፊደል አይቆጥሩም። አንደኛው ሽማግሌ የቀለሙን ሰሌዳ ከኪሳቸው አወጡ። እትዬ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አደረጉ። ጣታቸው ሐምራዊ ሆኖ ወረቀቱ አጠገብ ደርሷል።

ልጅቷ ያኔ ነው የተናገረችው። «አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ዶክተሩ ብረቱ ከአንድ ዓመት በኋላ መውጣት አለበት ብሏል። እሱን ማነው የሚያስወጣው?»

ማንም አልመለሰም። እትዬ ጣታቸውን አነሱና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ያ ነጠላ እስከ ዛሬ እድፉ አልለቀቀም።

በኋላ ያገኘነው ጠበቃ አስረዳን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት ሰዎች ተስማምተው የፈረሙት እርቅ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው። ማፍረስ የሚቻልበት መንገድ ጠባብ ነው። ሽማግሌ መቀበል ነውር የለውም፣ እርቅም ጥሩ ነው፣ ባህላችን ነው። ግን ይቅርታውና ካሳው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰውየውን ይቅር ብለሽ ካሳሽን ልትጠይቂ ትችያለሽ። ከሕመም አልጋ ላይ፣ የጉዳቱ መጠን ሳይታወቅ፣ ገና ብረቱ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና ሳይደርስ የሚፈረም ወረቀት እርቅ አይባልም በኔ አስተያየት። ለጊዜው ርዳታ የሚሰጥ ሰው ካለ «ለሕክምና ርዳታ ተቀብያለሁ፣ ከካሳው ላይ ይታሰባል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ባለንብረቱ ይህን እንዲያደርግ ጠየቅነው፣ አልፈለገም። ፖስታውን ይዘው ሄዱ።

የመድን ድርጅቱ ጉዳይ ቀለል ያለ ነበር፣ ረጅም ቢሆንም። በዚያን ጊዜ አዋጁ ለአካል ጉዳት የሚከፈለውን እስከ 40,000 ብር፣ ለሞት ከ5,000 ያላነሰ ከ40,000 ያልበለጠ፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ብሎ ወስኖ ነበር። አዎ፣ በትክክል አነበባችሁ፣ ለተገጨ አጥር የተቀመጠው ጣሪያ ለሞተ ሰው ከተቀመጠው ይበልጥ ነበር። የካሳው ጣሪያ ከዚያ ወዲህ በደንብ ከፍ ተደርጓል፣ ስለዚህ ዛሬ የሚጠይቅ ሰው የዛሬውን ቁጥር ይጠይቅ። የሕክምና ቦርዱ የእትዬን ጉዳት 35 በመቶ ቋሚ ጉዳት ብሎ ወሰነ። ነሐሴ 2010 ላይ 40,000 ብሩ ተከፈለ።

ቼኩን ሲሰጡ ሌላ ወረቀት መጣ። «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል። በዚህ ጊዜ ነቅተናል። ልጅቷ «አዋጁ ከመድን ድርጅቱ የሚፈቅድልኝን ጣሪያ» የሚል ቃል ካልገባ አንፈርምም አለች። ሠራተኛዋ ትንሽ አኮረፈች፣ አለቃዋን ጠየቀች፣ ገባ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። 40,000ውን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል። እኛም ልንገባ ነበር። ያ 40,000 ግን መድን ድርጅቱ የሚከፍልበት ጣሪያ ነው እንጂ የተጎጂው መብት ጣሪያ አይደለም። ከዚያ በላይ ያለውን ጉዳት የመኪናው ባለቤት ነው የሚከፍለው።

በዚያው ጊዜ የወንጀል ክሱ እየተካሄደ ነበር። ሹፌሩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል በማጉደል ተከሰሰ። የግል ተበዳይ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ጋር አንድ ላይ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ማንም አልነገረንም፣ አላመለከትንም። እንደ አጋጣሚ ምንም አልጎዳንም፣ ምክንያቱም ሹፌሩ ሰኔ 2011 ላይ በነፃ ተለቀቀ፣ በነፃ በተለቀቀ ሰው ላይ ደግሞ ያ ፍርድ ቤት ካሳ አይወስንም። መከላከያው «በዚያ ጠዋት እኔ አልነዳሁም፣ ቁልፉ ግቢ ውስጥ ነው የሚንጠለጠለው፣ ማንም ይወስዳል» የሚል ነበር። ካሜራው ፊት አያሳይም፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅም መኪናውን እንጂ ሰውየውን አላየችም።

የዚያን ቀን ከችሎት ስንወጣ እትዬ በክራንች ደረጃውን እየወረዱ «በቃ፣ አለቀ» አሉ። ባለንብረቱም ለሰው «ሹፌሬ ነፃ ወጥቷል፣ እኔን ማንም አይነካኝም» እያለ ነው የሚል ወሬ ደረሰን።

ጠበቃ ያገኘነው ከዚያ በኋላ ነው። ጠበቆች በዓመት የተወሰነ ሰዓት በነፃ የማገልገል ግዴታ አለባቸው። ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም የነፃ አገልግሎት ማዕከል አላቸው። እኛ የደረሰን አንድ ወጣት ጠበቃ ነው። ፋይሉን ገልብጦ አይቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «አደጋው የደረሰው መቼ ነው?» የሚል ሆነ። ኅዳር 2010 አልነው። ጣቱን ቆጠረ። «ሦስት ወር ቀርቷችኋል» አለ።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ የደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ጉዳቱ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ካስቀመጠ በዚያ መሄድ ይቻላል፣ ግን ጠበቃው «ለክርክር ለምን በር እንከፍታለን፣ በሁለቱ ዓመት ውስጥ እንግባ» አለ። የወንጀሉ ጉዳይ እስኪያልቅ ብለው የጠበቁ፣ መድን ድርጅቱ እስኪከፍል ብለው የጠበቁ፣ ሽማግሌው እስኪመለስ ብለው የጠበቁ ስንት ሰዎች በዚህ ቀን ቆጠራ እንደቀሩ ሲያወራን ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ።

መስከረም 2012 ላይ ክሱ ተከፈተ። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ በደሃ ደንብ ነው የገባው። ከወረዳው ሀብት እንደሌላቸው የሚገልጽ ደብዳቤ አምጥተን፣ ምስክር ቆጥረን፣ ተፈቀደ። ጠበቃው ከክሱ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር ጠየቀ፦ የፒካፑ ሊብሬ (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ እግድ። መኪናው እንዳይሸጥ፣ ስሙ እንዳይዞር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። መጨረሻ ላይ ገባኝ።

ባለንብረቱ ሦስት መከራከሪያ አቀረበ። አንደኛው ሹፌሩ በነፃ ተለቋል የሚል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ቁጥር 2149 ላይ የፍትሐ ብሔር ዳኛ ወንጀል ችሎት በነፃ በመልቀቁ አይታሰርም ይላል። ከሁሉ በላይ ቁጥር 2081 አለ። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ብቻ ነው የሚያመልጠው። ያ «ቁልፉ ተንጠልጥሎ ማንም ይወስዳል» የሚለው ቃል ሹፌሩን ከወንጀል አዳነው፣ ባለቤቱን ግን አላዳነውም። ማን ነዳው የሚለው ጥያቄ እዚህ ምንም ለውጥ አያመጣም። መኪናው ያንተ ነው? አዎ። መኪናው ነው የገጨው? መብራቱ ገጥሟል። በቃ። ይህ ሕግ 1952 ዓ.ም. ላይ የወጣ ነው። ስንት ሰው «ሹፌሩ አልተገኘም» ተብሎ ቤቱ እንደተመለሰ ሳስብ ያመኛል።

ሁለተኛው መድን ድርጅቱ ከፍሏል የሚል ነው። ለዚህ ያቺ ልጅቷ ያስገባቻት ቃል ሠራች። ሦስተኛው ግን ከበድ ያለ ነበር። እትዬ አስፋልት ላይ ነበሩ አለ። የመኪና ባለቤት «ጥፋት የለብኝም» ብሎ ነፃ አይወጣም፣ ተጎጂው ራሱ ካጠፋ ግን በዚያ መጠን ካሳው ሊቀነስ ይችላል። ፕላኗ የእግረኛ መንገዱ ተቆፍሮ እንደነበር ስለምትናገር አስፋልት ላይ መሆናቸው ብቻውን ጥፋት አልሆነባቸውም። ነገር ግን እግረኛ ግራውን ይዞ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ መሄድ ነበረበት፣ እሳቸው ቀኙን ይዘው ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር ተባለ። ፍርድ ቤቱ አንድ አራተኛውን ጥፋት በእሳቸው ላይ አደረገ። ገንዘቡ ብዙ አላናደዳቸውም። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» እያሉ ግን ሳምንት ሙሉ ተብሰልስለዋል።

ስሌቱን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ካሳ በግምት የሚወረወር ቁጥር አለመሆኑን ያየሁት እዚህ ነው። በቁጥር 2091 መሠረት ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። የሕክምና ደረሰኞች ተደምረው 87,400 ብር ሆኑ። እትዬ እያንዳንዷን ደረሰኝ፣ የባንዴጁንም የራጁንም፣ በአንድ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ያለ ደረሰኝ የተከፈለው የባጃጅና የታክሲ ገንዘብ አልተቆጠረም። የገቢ ጉዳይ ከባድ ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር፣ ደመወዝ የላቸውም፣ ግብር ከፋይ አይደሉም። አንዱ ምግብ ቤት ግን የርክክብ ደብተር ነበረው። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፣ በየቀኑ «30 ደርሷል» ተብሎ የተፈረመበት። ከጤፉ፣ ከመብራቱ፣ ከማገዶው ወጪ ተቀንሶ ፍርድ ቤቱ የወር ገቢያቸውን 3,000 ብር ብሎ ያዘ። ምንም ሳይሠሩ ለቆዩበት 10 ወር 30,000 ብር። የሥራ ዘመናቸው እስከ 60 ዓመት ተቆጥሮ፣ ለቀሪው 86 ወር የገቢያቸው 35 በመቶ፣ 90,300 ብር። ብረቱን ለማስወጣት ሐኪሙ በደብዳቤ የገመተው 25,000 ብር። ወደፊት መድረሱ የማይቀር ወጪ እስኪደርስ ሳይጠበቅ አሁን ሊጠየቅ ይችላል፣ ቁጥር 2092 ነው። ልጅቷ ሽማግሌዎቹን የጠየቀችው ጥያቄ በስተመጨረሻ መልስ ያገኘው በዚህ አንቀጽ ነው።

የሕሊና ጉዳትም አለ። 1,000 ብር። ከዚያ በላይ ሕጉ አይፈቅድም፣ ቁጥር 2116 ነው። 1952 ዓ.ም. ላይ 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሌሊት ሌሊት ለሚባንኑ፣ መኪና በሰሙ ቁጥር ግድግዳ ለሚይዙ ሴት 1,000 ብር! ይህ ቁጥር መለወጥ አለበት። ዳኛው ራሳቸው ሲያነቡት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያለፉት።

ጠቅላላው 233,700 ብር መጣ። አንድ አራተኛው ተቀንሶ 175,275። መድን ድርጅቱ የከፈለው 40,000 ተነስቶ ባለንብረቱ 135,275 ብር ይክፈል ተባለ። ፍርዱ የተሰጠው 2013 ላይ ነው። ይግባኝ ብሎ ነበር፣ አልቀናውም።

ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ደግሞ ሌላ ነው። የፍርድ አፈጻጸም መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ባለንብረቱ ገንዘብ የለኝም፣ ሱቁም የሚስቴ ነው አለ። ያን ጊዜ ነው የሊብሬው እግድ ዋጋው የታየው። ፒካፑ ሊሸጥ ሲል አልተቻለም፣ ስሙን ወደ ወንድሙ ሊያዞር ሲል አልተቻለም። በመጨረሻ ጨረታ ሊወጣበት ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ በሦስተኛው ቀን ሙሉውን አምጥቶ ለፍርድ ቤቱ ገቢ አደረገ። አደጋው ከደረሰ አራት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው። በነዚያ ዓመታት ጤፉም ኪራዩም ስንት እጥፍ እንደሆነ የምታውቁት ነው፣ የብሩ አቅም ያኔ ክሱ ሲጻፍ የነበረው አልነበረም።

እትዬ አሁን ቆመው አይጋግሩም። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ዝቅ ያለ የብረት ማስቀመጫ አሠርተውለት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚጋግሩት። ለዚያ ደብተር ላለው ምግብ ቤት በቀን 30 የነበረው 18 ሆኗል። የሚያደርሰው የጎረቤት ልጅ ነው፣ በግራ በኩል እንዲሄድ ሁልጊዜ በር ላይ ቆመው ይነግሩታል።

ብረቱ ባለፈው ክረምት ወጣ። ሐኪሙ ስምንቱን ብሎኖችና ሳህኗን አጥቦ በትንሽ ላስቲክ ሰጣቸው። እትዬ ቤት ሲደርሱ የብስኩቱን ቆርቆሮ አስመጡና ከደረሰኞቹ ጋር እዚያው ከተቱት።